ውስጥ ወይስ ውጭ? በመተማ ቆላ የአንድ ቤተሰብ ሌሊት

በሚያዝያ ወር መተማ ዮሐንስ ላይ የመሸበት ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው አልጋውን የት እንደሚዘረጋ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በበጋው መጨረሻ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ እንግዳ ነገር አይደለም። በቆርቆሮ የተከደነች ጠባብ ክፍል ቀኑን ሙሉ የሰበሰበችውን ሙቀት ስትተፋ ታመሻለች። ስለዚህ ነዋሪው አልጋውን ወይም ሰሌኑን ተሸክሞ ወደ ግቢ ይወጣል። ታሪክ የሚያነቡ ወጣቶች መተማን የሚያውቋት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁባት የጦር ሜዳ በመሆኗ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን የአልጋ ጉዳይ ነው፤ ከሚመስለው በላይ ከባድ ጥያቄ ነውና።

ነገሩን ለማየት እንዲያመች አንድ ቤተሰብ በሐሳባችን እንሣል። አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆችና ለሰሊጥ ሥራ ከደጋ የመጣ የአባትየው ወንድም፣ በድምሩ ስድስት ሰዎች፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ይኖራሉ። አባትየው ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ መኖሩን ካወቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት ጀምሯል፤ ነገር ግን በአጨዳ ወራት ወደ እርሻው ካምፕ ሲወርድ ያቋርጠዋል። ሰው በበዛባት በዚህች ክፍል ውስጥ ቢተኙ አንድ ዓይነት አደጋ አለ፤ ውጭ ቢተኙ ደግሞ ሌላ። ሁለቱንም አደጋዎች የሚያከፋው አንድ የጋራ ምክንያት በመሆኑ ከእርሱ እንጀምር።

በላተኛው ህዋስና ያልደረሰው ትእዛዝ

በሰውነታችን ውስጥ ማክሮፌጅ የሚባሉ ነጭ ህዋሳት ይገኛሉ። ሥራቸው ወደ ሰውነት የገቡትን ተህዋስያን መዋጥና መፍጨት ነው። ይሁን እንጂ ማክሮፌጅ የዋጠውን ሁሉ በራሱ ኃይል መግደል አይችልም። አንዳንድ ጠንካራ ተህዋስያንን ለመግደል ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ ኬሚካዊ መልእክት ሊደርሰው ይገባል። ይህን መልእክት ከሚልኩት ዋነኞቹ ሲዲ4 በመባል የሚታወቁት ነጭ የደም ህዋሳት ናቸው። ኤች አይ ቪ የሚያጠቃውም በተለይ እነዚህኑ ነው። የጤነኛ ሰው የሲዲ4 መጠን በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 በላይ ሲሆን፣ ከ200 በታች ሲወርድ ሰውየው ለብዙ ተደራቢ በሽታዎች ይጋለጣል። ያን ጊዜ ማክሮፌጁ ተህዋሱን እንደ ዋጠ ይቀራል። የዋጠው ነገርም በውስጡ ይራባል።

የካላዛርና የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) አምጪ ተህዋስያን አንዱ ባለ አንድ ህዋስ ጥገኛ፣ ሌላው ባክቴሪያ ናቸው፤ በዘርም በመተላለፊያ መንገድም አይገናኙም። የሚመሳሰሉበት ነገር ግን አለ። ሁለቱም በሰው ሰውነት ውስጥ የሚኖሩት በዚሁ በማክሮፌጅ ውስጥ ነው። በመተማ ቆላ ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ውጭም ውስጥም ተኝቶ የማይመቸው ስለዚህ ነው።

ውጭ የተኙት

ከመተማ ጀምሮ በምዕራብ አርማጭሆ አልፎ እስከ ሁመራ የተዘረጋው ቆላ በሰፊው ጥቁር መረሬ አፈር ነው። ይህ አፈር ዝናብ ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ክንድ በሚያስገባ ስፋት ይሰነጠቃል። በላዩ ግራርና በደኖ ይበቅላሉ። ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ የተባለችው ነፍሳት ከዚህ አፈርና ከእነዚህ ዛፎች ጋር የተቆራኘች ናት። ቀን ቀን በስንጥቁ ጥላና እርጥበት ውስጥ ታርፋለች፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣለች። ክረምት ገብቶ ስንጥቁ ሲዘጋ ቁጥሯ ይቀንሳል፤ በበጋው የኋለኞቹ ወራት ደግሞ ይበዛል።

በአማርኛ የአሸዋ ዝንብ መባሏ አንባቢን ሊያሳስት ይችላል። አሸዋ አትፈልግም፤ የምናውቃትን ዝንብም አትመስልም። ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን ከወባ ትንኝ በእጅጉ ታንሳለች። እንደ ትንኝ ጆሮ ላይ አትጮኽም። ብዙ ርቀት መብረርም አትችልም፤ አጭር አጭር እየዘለለች ትሄዳለች። ደም የምትፈልገው ለዕንቁላሏ ሲሆን፣ የምትነክሰውም ሴቷ ብቻ ናት። በዚህ ቆላ የምትነክሰው በአብዛኛው ከቤት ውጭ ነው። ይህን እናስታውስ።

ከንክሻዋ ጋር የሚተላለፈው ሌሽማንያ ዶኖቫኒ ይባላል። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1903 ጥገኛውን እንግሊዝና ሕንድ ሆነው ለየብቻ የገለጹትን ዊልያም ሌሽማንንና ቻርልስ ዶኖቫንን ያስታውሳል። በሽታው ካላዛር ነው። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ መክሳት፣ የደም ማነስና የጣፊያ ማበጥ ዋና ምልክቶቹ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ካልታከመ ከ95 በመቶ በላይ ይገድላል። በደጋው ክፍል ከሚታወቀውና ቆዳን ብቻ ከሚያቆስለው ቁንጭር ጋር የቅርብ ዝምድና ቢኖረውም፣ ካላዛር የሚያጠቃው የውስጥ አካላትን፣ በተለይም ጣፊያን፣ ጉበትንና መቅኔን ነው። በትንፋሽ፣ በማዕድ ወይም በመጨባበጥ አይተላለፍም። ካላዛር ከያዘው ሰው ጋር አብሮ መብላት ምንም ጉዳት የለውም።

በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወቅታዊ ሠራተኞች ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች ለሰሊጥ፣ ለጥጥና ለማሽላ ሥራ ወደዚህ ቆላ ይወርዳሉ። አብዛኞቹ በሽታው ከሌለበት ደጋ የመጡ በመሆናቸው ሰውነታቸው ጥገኛውን አያውቀውም። የሚያድሩት በእርሻው ዳር፣ በዳስ ወይም በሰማይ ሥር፣ ስንጥቅ ባለበት መሬት ላይ ነው። ምሳሌ ያደረግነው ቤተሰብ አጎት እንዲህ ካሉት ሰዎች አንዱ ነው።

ኤች አይ ቪና ካላዛር በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ነገሩ በእጥፍ ይከፋል። ቫይረሱ የሲዲ4 ህዋሳትን በመቀነስ ለጥገኛው መንገድ ይከፍታል። ጥገኛው ደግሞ በበኩሉ የመከላከያ ሥርዓቱን ያለማቋረጥ በመቀስቀስ ቫይረሱ በፍጥነት እንዲራባ ያደርጋል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. የተደረጉ ጥናቶች ከካላዛር ታማሚዎች መካከል ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት ኤች አይ ቪ እንዳለባቸው አሳይተዋል። መጠኑ ከዚያ ወዲህ ቢቀንስም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ኢትዮጵያን፣ ብራዚልንና የሕንድን ቢሃር ግዛት የሁለቱ በሽታዎች መደራረብ ከፍተኛ የሆነባቸው አድርጎ ጠቅሷቸዋል።

ምርመራውም ይከብዳል። በጤና ጣቢያ የሚሠራው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ጥገኛውን ሳይሆን ሰውነት በጥገኛው ላይ ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። የተዳከመ ሰውነት ይህን በበቂ መጠን ስለማያመርት ምርመራው በሽታ የለም ሊል ይችላል። ሐኪሙ ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ለማየት ይገደዳል።

ሕክምናውን በሚመለከት ከዚሁ አካባቢ የተገኘ ዕውቀት ዓለም አቀፍ መመሪያ ሆኗል። የቀድሞው ዋና መድኃኒት ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ኤች አይ ቪ ላለባቸው ታማሚዎች እጅግ መርዛማ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና በአብደራፊ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት ሁለት ሕክምናዎች ተፈተኑ። አምቢሶም የተባለው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ብቻውን ከተሰጣቸው ታማሚዎች፣ ሕክምናው ከተራዘመ በኋላ፣ 55 በመቶው ከጥገኛው ነፃ ሆኑ። አምቢሶም ሚልቴፎሲን ከተባለው እንክብል ጋር በተሰጣቸው ዘንድ ግን ውጤቱ 88 በመቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለምሥራቅ አፍሪካ ይህንኑ ጥምር ሕክምና መክሯል። የመተማንና የአርማጭሆን የጉልበት ሠራተኞች በሽታ በማከም የተገኘ ማስረጃ የሌሎች አገሮች ሐኪሞች መመሪያ መሆኑን አንባብያን ልብ ቢሉልን ደስ ይለናል።

ዳሩ ግን የዳነው ሰው ብዙ ጊዜ ይመለስበታል። ፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት ማገርሸትን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያስቀርም። በሽታው የሚያገረሽበት ሰው በደሙና በቆዳው ውስጥ ጥገኛውን ለረዥም ጊዜ ይሸከማል። በስፔን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተደረጉ ሙከራዎች ሁለቱም በሽታዎች ያሉባቸው ሰዎች የነከሷቸውን የአሸዋ ዝንቦች እንደሚበክሉ አረጋግጠዋል። በምሥራቅ አፍሪካ ካላዛር በዋናነት ከሰው ወደ ዝንብ፣ ከዝንብ ወደ ሰው የሚዞር በመሆኑ፣ የአንዱ ሰው በወጉ አለመታከም በዚያው ግቢ የሚተኙትን ልጆች ጉዳይ ይሆናል ማለት ነው።

በሽታው ከሠራተኛው ጋር ወደ ደጋ መውጣት እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከምና በፎገራ የተከሰተው ወረርሽኝ ይጠቁማል። ቀደም ሲል ካላዛር የማይታወቅበት፣ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያለው አገር ነው። ሕመሙ መጀመሪያ ወባ ተብሎ ብዙ ሰው ሞቷል። ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ጥገኛውን ይዘው ሳይመጡ እንዳልቀሩ በሰፊው ይታመናል። በኋላ በተደረገው ጥናት ከተገኙት የአደጋ ምክንያቶች አንዱ ሌሊት ከቤት ውጭ በግራር ዛፍ ሥር መተኛት ነበር።

ውስጥ የተኙት

እንግዲያው ሁሉም ወደ ቤት ይግቡ? ስድስቱም ሰዎች በራቸውን ዘግተው ቢተኙ ከአሸዋ ዝንቧ በአመዛኙ ይድናሉ። ከመካከላቸው አንዱ ሳል ቢኖረውስ?

የቲቢ ባክቴሪያ የሚተላለፈው በአየር ነው። የሚያስለው ሰው የሚረጫቸው ጥቃቅን ጠብታዎች ውኃቸው ተንኖ እጅግ ሲቀልሉ ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋሉ። ስለዚህ ወሳኙ ነገር የክፍሉ አየር በሰዓት ስንት ጊዜ በንጹሕ አየር ይተካል የሚለው ነው። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ሆስፒታሎች ተለክቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት በሮቻቸውና መስኮቶቻቸው የተከፈቱ ክፍሎች አየራቸው በሰዓት 28 ጊዜ ያህል እንደሚለወጥ፣ ዘመናዊ የአየር ማስተላለፊያ መሣሪያ ባላቸው ክፍሎች ግን ወደ 12 ጊዜ እንደሚሆን አሳይቷል። ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ሰፊ የሆነ አሮጌ ሕንፃዎች ከአዲሶቹ በልጠው ተገኝተዋል። በመተማ የምትገኘው የኪራይ ክፍል ግን ብዙ ጊዜ አንድ በርና አንዲት ትንሽ መስኮት ቢኖራት ነው፤ ሌሊት ደግሞ ለሌባም ለትንኝም ተብሎ ይዘጋሉ።

ባክቴሪያውን የተነፈሰ ሰው ሁሉ አይታመምም። ኤች አይ ቪ የሌለበት ሰው ባክቴሪያው በውስጡ ተኝቶ ሳለ በዕድሜ ዘመኑ ሁሉ የመታመም ዕድሉ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። ኤች አይ ቪ ኖሮበት መድኃኒት የማይወስድ ሰው ግን በአንድ ዓመት ብቻ 10 በመቶ ገደማ ይሆናል። ምክንያቱ አስቀድመን ያየነው ነው፤ ለማክሮፌጁ መልእክቱ አይደርሰውም።

እዚህ ላይ በየሰፈሩ የሚሰማ አንድ የተሳሳተ ግምት ማረም አለብን። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ለቤተሰቡ የበሽታ ምንጭ እንደሆነ ተቆጥሮ ሳህኑና አልጋው ሲለይ ይታያል። እውነታው አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒ ነው። በምሳሌያችን የሚያስለው አጎትየው ቢሆን በእጅጉ አደጋ ላይ ያለው አባትየው ነው። ኤች አይ ቪና ቲቢ አብረው ያሉበት ሰው በሳንባው ላይ ሰፊ ቀዳዳ ስለማይፈጠር በአክታው የሚወጣው ባክቴሪያ ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ነው። ይህ ለቤተሰቡ ጥቂት እፎይታ ቢሆንም ለእርሱ ጉዳት አለው፤ ባክቴሪያው ጥቂት ሲሆን ማይክሮስኮፕ ያልፈዋልና። ጂን ኤክስፐርት የተባለው የባክቴሪያውን ዘረ መል የሚፈልግ መሣሪያ ይህን ክፍተት በብዙ አጥብቧል። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ከአባታቸው ቀጥለው የሚያሰጉን ናቸው፤ የእነርሱም መከላከያ ገና አልጠነከረም። በአንድ ቤት ቲቢ ሲገኝ የቤተሰቡ አባላት በሙሉ እንዲመረመሩ፣ በሽታው ያልጀመራቸው ተጋላጮችም መከላከያ መድኃኒት እንዲወስዱ የሚመከረው ለዚህ ነው።

የጄሪካኑ ውኃ

ስለ ውኃው ብዙ አንልም፤ ነገር ግን ዘልለነው ማለፍ አንችልም። ሰው በበዛበት ሰፈር ተቅማጥ የማይቀር እንግዳ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ ወረዳ በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል፣ ከዚያም ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በተጠለሉበት በኩመር ካምፕ የኮሌራ ወረርሽኝ ተከስቶ ሰዎች ሞተዋል። ኤች አይ ቪ ላለበት ሰው ደግሞ ክሪፕቶስፖሪዲየምን የመሰሉ፣ በሌላው ሰው ላይ በራሳቸው ጊዜ የሚጠፉ ጥገኞች ለወራት የሚዘልቅ ተቅማጥ ያስከትላሉ።

የሚያስገርመን ከጎረቤት አገር የተገኘው ውጤት ነው። በምሥራቅ ኡጋንዳ በቶሮሮ ኤች አይ ቪ ላለባቸው ሰዎች ቤተሰቦች አፉ ጠባብ የሆነ የውኃ ማስቀመጫና የክሎሪን መድኃኒት ሲሰጥ፣ ኤች አይ ቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ የተቅማጥ ክስተት በ25 በመቶ ቀነሰ። ለእነዚሁ ሰዎች ኮትሪሞክሳዞል የተባለው ርካሽ መድኃኒት በየቀኑ ሲታከልበት ቅናሹ 67 በመቶ ደረሰ። ሌላው ግኝት ግን ከዚህም ይበልጣል። መድኃኒቱን የሚውጠው ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በዚያው ቤት የሚኖሩ ኤች አይ ቪ የሌለባቸው ከአሥር ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ሞት በ63 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። አንድ ምክንያት የወላጅ በሕይወት መቆየት ነው፤ ሌላው በቤቱ ውስጥ የሚዞሩት ተህዋስያን መቀነሳቸው ነው። ይህ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲታተም ብዙዎችን አስደንቋል።

ወደ አልጋው እንመለስ

ከመተማ ድንበሩን ተሻግሮ ያለው የሱዳን ገዳሪፍ ግዛት መሬቱም ዛፉም ዝንቧም ያው ነው። በዚያ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2001 ድንበር የለሽ ሐኪሞች 357,000 አጎበሮችን በ155 መንደሮች አከፋፈሉ። በኋላ በተደረገ ስሌት የካላዛር ሕሙማን ቁጥር በአጠቃላይ በ27 በመቶ እንደቀነሰ፣ ከሥርጭቱ ከ17 እስከ 20 ወራት በኋላ ባለው ጊዜ ደግሞ ቅናሹ እስከ 59 በመቶ እንደደረሰ ተገምቷል። ቅናሹ ከዚያ በላይ ያልሆነበት አንዱ ምክንያት የሰው ልማድ ነው። ሰው አጎበር የሚዘረጋው ትንኝ ጆሮው ላይ ስትጮኽበት፣ ማለትም በክረምት ነው። የአሸዋ ዝንቧ ግን በበጋ፣ ያለ ድምፅ ትመጣለች። ከትንኝ በማነሷም በተራ አጎበር ቀዳዳ ሾልካ ልታልፍ ትችላለች። ስለዚህ አጎበሩ በፀረ ነፍሳት ኬሚካል የተነከረ መሆን ይኖርበታል።

ስለ ቤተሰባችን የምንሰጠው ፍርድም ከዚህ የሚነሣ ነው። ውጭ ይተኙ፤ በመሬት ላይ ሳይሆን በአልጋ፣ ከስንጥቅና ከግራር ርቀው፣ በጋም ክረምትም በተነከረ አጎበር ሥር። ይህ ከወባም ይጠብቃቸዋል። ውጭ መተኛት በማይቻልበት የዝናብ ሌሊት የሚያስለው ሰው በመስኮቱ አጠገብ ይሁን፤ መስኮቱም ይከፈት። ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላው ወደ ጤና ጣቢያ መሄዱን ለነገ አያሳድረው። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት አልፎ በወባ መድኃኒት ያልተመለሰ እንደሆነም እንዲሁ፤ የሊቦ ከምከም ሰዎች በዚህ ተጎድተዋልና።

ይህ ሁሉ ግን ለከተማው ግቢ ነው። አባትየውና ወንድሙ ለአጨዳ ወደ ካምፕ ሲወርዱ አልጋም መስኮትም የለም። የሰሊጥ አጨዳ ጊዜ አይሰጥም፤ ፍሬው ከደረሰ በኋላ ቆባው ተከፍቶ ስለሚረግፍ፣ ለጥቂት ቀናት ወደ ከተማ ደርሶ የሚመለስ ሠራተኛን የሚታገሥ ባለ እርሻ እምብዛም አይገኝም። ለፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒቱ መፍትሔ ተገኝቶለታል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሁኔታቸው ለተረጋጋ ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት ጀምራለችና፣ ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው እስከ አጨዳው መጨረሻ የሚበቃውን ይዞ መውረድ ይችላል። አባትየው ካላዛር ይዞት ድኖ ቢሆን ግን ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ማገርሸትን ለመከላከል የሚሰጠው ፔንታሚዲን በየወሩ በሐኪም ፊት የሚወሰድ መርፌ ነው። በኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት ይህን መድኃኒት ከወሰዱት ታማሚዎች ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ለአንድ ዓመት በሽታው ሳያገረሽባቸው ቆይተዋል። እንደ እንክብሉ በኪስ ተይዞ ወደ ሰሊጡ ማሳ የሚወረድበት መንገድ ግን እስካሁን የለም።